ሲባጎው

አርባ ሁለት ጥያቄ በብብቴ ይዤ፣
በድሬ ፀሐይ ላይ ጥላዬን ተመርኩዤ፣
ከከዚራ ዛፎች መጋላ ወረድኩኝ፤
«ሕጉ ምን ያህል ሠራ? ሂጂና ለኪ» አሉኝ።
መለኪያው ቀላል ነው፦ «አዎ» ነው ወይ «የለም»፣
በሁለቱ መሐል ክፍት ቦታ የለም።

ጥያቄ አንድ፦ ምልክት ተለጥፏል በበሩ?
ተለጥፏል፤ አየሁት፤ ወዝቷል ከዳር ዳሩ።
በሦስት ቋንቋ ይላል «እዚህ ማጨስ ክልክል»፤
አንዱ ሲጋራውን ተርኩሶበት ከመሐል፣
ግማሹ ጠቁሮ የቀረው «ክል» ይላል።
ከሥሩ በርጫ ላይ ዘጠኝ ሰው ተጋድሞ፣
ጭሱን ወደ ጣራው ይለቃል ደጋግሞ።
አንዱ አዝኖልኝ መሰል መስኮት ከፈተና፣
«ጻፊ አቦ!» አለኝ፣ «ይኸው ሕግ ገባና!»
«አዎ» ላይ አሰመርኩ። ስለ ፊደሉ መንደድ
የሚጠይቅ ረድፍ የለም፤ አለብኝ መሄድ።

ታይዋን ገበያ ስደርስ፣ ጥያቄ ዘጠኝ ላይ፦
በነጠላ ይሸጣል?
«አቦ በሕግ አምላክ!» አብዶሽ ይምላል፣
«ሙሉ ፓኮ እንጂ ነጠላ ማን ያያል!»
ከጎኑ ግን አለ፣ ከኪዮስኩ በር ዳር፣
አንድ አሮጌ ላይተር የታሰረ በክር፤
ከሰው እጅ ብዛት ቀለሙን የጣለ፣
በደቻቱ ነፋስ ዥው ዥው እያለ።
ሙሉ ፓኮ ገዢ ላይተር ያጣ እንደሁ
ልጠይቀው አልኩና ቅጼን አገላበጥሁ፤
ስለ ሲባጎ ግን አንድም ቃል አጣሁ።
አብዶሽ ዓይኔን አየ። እኔም አየሁት።
ለስላሳ ጋበዘኝ፤ ጠምቶኛል፤ ግን ተውኩት።

ፈርሃን ካርቶኑን ከአንገቱ አንጠልጥሎ፣
ማስቲካ ከላይ፣ ሲጋራ ከሥር ከልሎ፣
በባጃጆች መሐል እየተሹለከለከ፣
ለአንዱ ሾፌር አንዷን በመስኮት አሾለከ።
ሾፌሩ ሥዕሉን አይቶ ፊቱን አጨፈገገ፣
«ሳንባውን ተወው» አለ፤ የእግሩን ፈለገ።
«ሥዕል የሌለውም አለኝ» አለ ልጁ፣
«በግመል የገባ»፤ ወዲያው መዘዘ እጁ።
ጥያቄ አሥራ አራት የገዢን ዕድሜ ይላል፤
ገዢው ጢም አውጥቷል፣ ሃያ አንድን አልፏል፤
ሻጩ አሥራ ሁለት ነው፤ ማን ይጠይቀዋል?

ጥያቄ ሃያ ሁለት፦ ተቆጣጣሪ አለ?
«አለ። አንድ ነኝ» አለኝ ሙክታር፣ ፈገግ እያለ።
አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር፣ ነዳጁ ያለቀ፣
«ስደርስ ጭሱ ይጠፋል፤ ስሄድ ነው የደመቀ።»
የቅጣት ደረሰኙን ከመሳቢያው አወጣ፤
እንዳዲስ ይሸታል፤ አንድም ገጽ አልወጣ።
«ደረሰኝ አለ ወይ?» ይላል የኔ ቅጽ፤
«አዎ» አልኩ፤ መቶ ነው፣ ከነሙሉ ገጽ።

ለገሃር ደጅ አገኘሁ ሙሴ ቢሻውን፣
ሠላሳ ዓመት ነፍቶ የሸኘ ባቡሩን።
ፊሽካው ዛሬም አለ፣ ከደረት ኪሱ ነው፤
ነፋው ለኔ ብሎ፤ የወጣው ሳል ነው።
«ስንተኛ ረድፍ ላይ ነኝ?» አለኝ ሲረጋጋ።
መልሱን ፈልጌ አጣሁ፣ ወረቀት ስዘረጋ።

ማታ በአልጋ ክፍሌ፣ ቬንቲሌተሩ ሥር፣
«አዎ»ዎቼን ደመርኩ፤ ብዙ ናቸው በቁጥር።
ከመቶ ሰባ አንድ! «መልካም» ይነበባል፣
በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይጨበጨብለታል፤
ሻሼን ስፈታው ግን ጭስ ጭስ ይሸታል።

በማግስቱ ማልጄ ታይዋን ተመለስኩ፤
አብዶሽ ገና አልከፈተም፤ ሲባጎው ጋ ቆምኩ።
«ለኪ» ተብዬ የለ? ተጠግቼ ለካሁት፤
የአብዶሽ ትከሻ አይደለም፣ የሾፌሩም ደረት፤
ከደረቴ በታች ይወርዳል ላይተሩ፣
በፈርሃን አፍ ልክ ተቆርጧል ክሩ።